ከአጥሩ ወዲያ፦ የአዲስ አበባ ዳርቻ መኖሪያ ቤትና የሠፈሩ አገልግሎቶች ታሪክ

ሠፈር የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው፣ ጦር በዘመቻ ላይ ሳለ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ሁለተኛው ዛሬ ሁላችንም የምንናገረው፣ ሰዎች ቤት ሠርተው በጉርብትና የሚኖሩበት የከተማ ክፍል ነው። በአዲስ አበባ ታሪክ ሁለተኛው ትርጉም ከመጀመሪያው ተወልዷል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃ አካባቢ በተቆረቆረች ጊዜ፣ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ቦታ ተመራ፤ እያንዳንዱም መኰንን በተመራው ጉብታ ላይ አዳራሹን ሲሠራ፣ ጭፍራውና ባለሙያው በዙሪያው ሠፈረ። ደጃች ውቤ ሠፈር፣ ሠራተኛ ሠፈር፣ ዘበኛ ሠፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሠፋፈር ምስክሮች ናቸው።

ሠፈር ግን በቤት ብቻ አይቆምም። ውሃ የሚቀዳበት፣ እህል የሚፈጭበት፣ ልጅ የሚማርበት፣ ሕሙም የሚታከምበት፣ ሐዘንተኛ የሚጽናናበት፣ የክረምት ጎርፍም የሚወርድበት ቦታ ያስፈልገዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የሚቀርበው፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ለአንድ ቤተሰብ ተብሎ የሚሠራው ቤት ባለፉት 140 ዓመታት ገደማ እነዚህን አገልግሎቶች መቼና እንዴት እንዳገኘ፣ የትኞቹንም እንዳጣ የሚገልጽ ታሪክ ነው። አቅራቢው መሐንዲስ እንጂ የታሪክ ሊቅ ስላልሆነ፣ አመለካከቱ በአብዛኛው ከሙያው የመነጨ ነው። ተለይቶ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ግቢው ራሱን የቻለበት ዘመን

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአንድ ቤተሰብ ግቢ በብዙ ነገር ራሱን የቻለ ነበር። ቤቱ በእንጨትና በጭቃ ይሠራል፤ ክዳኑ ሣር ነው። ማድቤቱ ለብቻው ከኋላ ይቆማል፤ በጓሮው ጎመንና ጌሾ ይተከላል፤ ላምና በቅሎ እዚያው ያድራሉ። ውሃ ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ ይቀዳል፤ ለገበያም ሰው ወደ አራዳ፣ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያኑም ከጸሎት ቤትነቱ ሌላ የልጆች መማሪያና የሙታን ማረፊያ ነበር።

ከግቢው አቅም በላይ የሆነው የመጀመሪያው ችግር የእንጨት እጥረት ነው። የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ ባለቀ ጊዜ፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ እስከ መቅረብ ደርሶ ነበር። ችግሩን ያቃለለው በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድገው ይህ ዛፍ ለአዲስ አበባ ቤት ማገርም፣ ወጋግራም፣ አጥርም፣ ማገዶም ሆነ። በ1880ዎቹ ውስጥም ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የእንጦጦን የምንጭ ውሃ በቧንቧ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገባ። ይህ ሥራ በጊዜው እጅግ የተደነቀ ቢሆንም፣ መድረሻው አንድ ግቢ ብቻ ነበር። የሕዝቡ ቤት ከእንስራው አልተላቀቀም።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የመሬት ደንብ የከተማ ቦታ በግል ይዞታነት እንዲመዘገብና እንዲሸጥ እንዲለወጥ ፈቀደ። በ1909 ዓ.ም. ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ቆርቆሮና ሌላውም የሕንፃ ዕቃ በቀላሉ መምጣት ስለ ጀመረ፣ የሣር ክዳን ቀስ በቀስ ቦታውን ለቀቀ። ከዚህ በኋላ ቦታ ዋጋ ያለው ዕቃ ሆነ። ለቤት የሚሆነው ብቻ ሳይሆን፣ ለመንገድ፣ ለትምህርት ቤትና ለጎርፍ መውረጃ የሚያስፈልገውም መሬት ባለቤትና ዋጋ አገኘ።

ካዛንቺስና ፖፖላሬ

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማይቱን በያዘበት ጊዜ ጉይዲና ቫሌ የተባሉት አርክቴክቶች ያዘጋጁት ፕላን ሕዝቡን በዘር ለይቶ የሚያሠፍር ነበር። የአገሩ ተወላጅ ወደ ምዕራብ፣ አዲስ ከተማ ወደ ተባለው ክፍል እንዲሄድ ተወሰነ፤ የአራዳም ገበያ ወደዚያው ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ተመሠረተ። ለጣሊያን የመንግሥት ሠራተኞች ግን በምሥራቅ በኩል ግቢ ያላቸው የቤተሰብ ቤቶች ተሠሩላቸው። ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት ስም ሲያጥር ኢንቺስ ይባል ስለ ነበር፣ «ካዛ ኢንቺስ» የተባለው ሠፈር በአዲስ አበቤዎች አንደበት ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። ፖፖላሬ የሚለው የሠፈር ስምም የዚያው ዘመን ትራፊ ነው።

እዚህ ላይ ቤትና መንገድ በአንድ ፕላን አብረው መታሰባቸው ለሙያችን የሚያስተምረው ነገር አለ። በደሉም ከትምህርቱ አይለይም፤ መልካም ሠፈር የማግኘት መብት በቆዳ ቀለም ተከፋፍሎ ነበርና። ከነጻነት በኋላ ካዛንቺስ የኢትዮጵያውያን ሠፈር ሆነ፤ ከተማይቱም አልፋው ወደ ምሥራቅ ስላደገች፣ ዳርቻ የነበረው መካከል ሆነ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ አብዛኛው ክፍሉ ፈርሶ ነዋሪዎቹ ወደ አዳዲስ የዳርቻ ሠፈሮች ተዛውረዋል። ስለዚህ የዳርቻ ቤትና የአገልግሎቱ ጥያቄ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም፤ አዲስ በር ከፍተው የገቡ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

በወረቀት ላይ የቀረው ሠፈር

በ1940ዎቹ ማብቂያ ታዋቂው እንግሊዛዊ የከተማ ፕላን ሊቅ ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ መሪ ፕላን አዘጋጁ። ከፕላኑ ዋና ዋና ሐሳቦች አንዱ ከተማይቱን ራሳቸውን በቻሉ የመኖሪያ ሠፈሮች መክፈል ነበር። ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ክላረንስ ፔሪ ነው። ፔሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአንድ ሠፈር መጠን የሚለካው አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊያስተናግድ በሚችለው ሕዝብ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ትምህርት ቤቱ በመካከል ይሆናል፤ ሕፃን ትልቅ መንገድ ሳያቋርጥ በእግሩ ይደርስበታል። ብዙ ተሽከርካሪ የሚያልፍባቸው መንገዶች በሠፈሩ ጠርዝ ያልፋሉ እንጂ አይሰነጥቁትም። ሱቆች በማዕዘኖቹ ላይ ይቆማሉ። ከጠቅላላው መሬት 10 በመቶ ያህሉም ለመጫወቻና ለመናፈሻ ይተዋል።

ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን በአዲስ አበባ በብዛት በወረቀት ላይ ቀረ። በ1950ዎቹ ቦልተንና ሄነሲ፣ ቀጥሎም ፈረንሳዊው ደ ማሪያን ሌሎች ፕላኖችን አዘጋጁ። ይሁን እንጂ የከተማው ቦታ በአብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች እጅ ስለ ነበረ፣ ፕላኑ ለትምህርት ቤት ያመለከተውን ሜዳ ባለርስቱ ለቪላ ሊሸነሽነው ይችል ነበር።

ቪላው የበዛውም በዚሁ ዘመን ነው። የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ በእነዚሁ ዓመታት ዋናው አውሮፕላን ማረፊያ ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛወረ። ለዲፕሎማቶችና ለውጭ አገር ባለሙያዎች የሚከራይ ቤት ስለ ተፈለገ፣ በቦሌ መንገድ ግራና ቀኝና በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ በኩል የድንጋይ አጥር ያላቸው ቪላዎች ተተከሉ። ፊት ለፊት ሳሎንና በረንዳ፣ ከኋላ ሰርቪስ ቤት የሚለው አሠራር ያን ጊዜ ሥር ያዘ። የዚህ ቤት አገልግሎት መኪና ነበር። ባለመኪናው ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ያደርሳል፤ ከፒያሳ ይገበያል። በሰርቪስ ቤት የምትኖረው ሠራተኛ ግን ለሽንኩርትና ለጨው በጭቃ ውስጥ ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ብዙኃኑ ሕዝብ ደግሞ በተጠጋጉ የጭቃ ቤቶች በኪራይ ይኖር ነበር።

ዐዋጁና የቤት ሥራ ማኅበራት

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ ከ500 ካሬ ሜትር የማይበልጥ ቦታ እንዲኖረው ፈቀደ። ለጽሑፋችን ዋናው ነገር ግን ዐዋጁ የከተማ ነዋሪዎችን ማኅበራት፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቁሞ፣ የትምህርት፣ የጤና፣ የገበያና የመንገድ አገልግሎቶችን ከመንግሥት ጋር እየተባበሩ እንዲያስፋፉ ኃላፊነት መስጠቱ ነው። በየሠፈሩ ኅብረት ሱቅና መዋዕለ ሕፃናት የተከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ነገር በስም ጠራው፤ በጀቱ ግን ለሁሉ የሚበቃ አልነበረም።

ከ1970 ዓ.ም. በኋላ የመንግሥት ሠራተኞችና ሌሎችም ደመወዝተኞች በቤት ሥራ ማኅበራት እየተደራጁ፣ ከቤቶችና ቁጠባ ባንክ እየተበደሩ በከተማይቱ ዳርቻ መሥራት ጀመሩ። ሲሚንቶ በኮታ የሚታደልበት ጊዜ ስለ ነበር አንድ ቤት ለመጨረስ ዓመታት ይፈጅ ነበር። የአቅራቢው አባትና እናት የሠሩት ቤት ከእነዚህ አንዱ በመሆኑ፣ ከዚህ ቀጥሎ ያለው በዓይን ከታየውና ከወላጆች ከተሰማው የተወሰደ ነው።

ቤታችን በኮተቤ በኩል፣ በ250 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ የተሠራ፣ ሁለት መኝታ ክፍልና ሳሎን ያለው የብሎኬት ቤት ነው። ወላጆቼ በገቡበት ዓመት ግድግዳው አልተለሰነም፤ መስኮቱም መስተዋት አልነበረውም። ከለገዳዲ ወደ ከተማ የሚወርደው ዋናው የውሃ ቧንቧ ከሠፈሩ ብዙም ሳይርቅ ያልፋል፤ እናቴ ግን ለስድስት ዓመት ያህል ከቦኖ በጀሪካን ቀድታለች። አውቶቡስ ለመሳፈር ግማሽ ሰዓት በእግር ይኬድ ነበር። ወፍጮ ቤት የተከፈተው በሦስተኛው ዓመት ነው። ከሁሉ ቀድሞ የተቋቋመው እድር ነበር። የመጀመሪያው ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን አጥተው ከሌላ ሠፈር በልመና ስላመጡ፣ በሰልስቱ ዕለት እዚያው ተቀምጠው መዋጮ ወሰኑ። መብራቱንም፣ የውሃ ቆጣሪውንም፣ ኋላ የተነጠፈውንም የኮብልስቶን መንገድ በኮሚቴ ተመላልሰው ያስመጡት እነዚያው የእድር ሰዎች ናቸው።

የጎርፉ መውረጃ

በማኅበሩ ፕላን ላይ ሁለት ባዶ ቦታዎች ነበሩ። አንዱ በመካከል ያለ፣ ግማሽ ሄክታር የሚሆን የሕፃናት መጫወቻና የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ ነው። ሁለተኛው ከላይ ወደ ታች የሚወርድ፣ 6 ሜትር ስፋት ያለው የጎርፍ መውረጃ ነው። በመጀመሪያው ላይ እኛ ልጆች ኳስ ተጫውተንበታል፤ በ1990ዎቹ ግን ተሸንሽኖ ቤት ተሠራበት፤ ዛሬ በዚያ ቦታ መጫወቻ እንደ ነበረ የሚያውቅ ልጅ የለም። ሁለተኛውን የወሰድነው እኛው ራሳችን ነን። በመውረጃው ዳር ያለን 14 ቤተሰቦች አጥራችንን ሁለት ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገፋን። አባቴም ገፍቷል። በተጨመረው መሬት ላይ እናቴ ጎመን ተከለችበት፤ ኋላም ሰርቪስ ቤት ተሠራበት።

የዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ በአንድ የነሐሴ ሌሊት ጎርፍ ከሠፈሩ ግርጌ ወደሚኖሩ፣ እማማ እያልን ወደምንጠራቸው ጎረቤታችን ቤት ገባ። የልጅ ልጃቸው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተኝታ ነበር፤ እርሷን ከውሃው ሲያነሡ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የዓመቱ ጤፍ፣ የባለቤታቸው ፎቶግራፍ፣ የቤቱም ካርታ በውሃ ተበላሸ። ከዚያ ሌሊት በኋላ ያለ ምርኩዝ አልተራመዱም።

በዚያ መንፈቀ ዓመት የተማርነው ቀላል የጎርፍ ስሌት ስለ ነበር፣ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። ወደ መውረጃው የሚፈስሰው አካባቢ 12 ሄክታር ያህል ነው። በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚሆን ዝናብ ቢዘንብ፣ መሬቱ ሣር በነበረበት ዘመን አንድ አራተኛው ብቻ ስለሚፈስስ፣ ጎርፉ በሰኮንድ ግማሽ ሜትር ኩብ ይሆናል። ጣሪያና ንጣፍ ከበዛ በኋላ ግን 65 በመቶው ስለሚፈስስ መጠኑ 1.3 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ጎርፉ ከሁለት እጥፍ በላይ ሲያድግ፣ መንገዱን ከ6 ሜትር ወደ 2 ሜትር አጥበነዋል። ወረቀቱን ለአባቴ አሳየሁት። ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ልጄ፣ ያን ጊዜ ሁሉም ገፋ፤ እኔ ብቻዬን ብተወው የእኔ ድርሻ ለጎረቤት ይሆን ነበር» አለኝ። «አባዬ፣ ውሃው ግን የማንንም ድርሻ አልጠየቀም» አልኩት። በዚያ ምሽት ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

በተከታዩ በጋ አባቴ ሰርቪስ ቤቱን አፍርሶ አጥሩን ወደ ቀድሞው ችካል መለሰው። ከ14ቱ ቤተሰቦች አምስቱ ተከተሉት፤ የቀሩት አልተከተሉትም። መውረጃው ዛሬ በአንዳንድ ቦታ ሰፊ፣ በአንዳንድ ቦታ ጠባብ ነው። ጎርፍ ደግሞ የሚያልፈው በጠባቡ ልክ ነው።

ዘግይቶ የሚመጣና የማይመጣ

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት የሠፈር አገልግሎቶች ሁለት ዓይነት መሆናቸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዘግይተውም ቢሆን የሚመጡ ናቸው። የቧንቧ ውሃ፣ መብራት፣ አውቶቡስ፣ ንጣፍ መንገድ፣ ወፍጮ ቤትና ሱቅ በዚህ ወገን ናቸው። መዘግየታቸው ጉልበትና ዕድሜ ያስከፍላል፤ ቢሆንም በመጨረሻ ይደርሳሉ። ሁለተኛዎቹ መሬት የሚሹ ናቸው። የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የሕፃናት መጫወቻ፣ የጎርፍ መውረጃ፣ የወንዝ ዳርቻና የመንገድ ስፋት በመጀመሪያው ቀን ካልተከለሉና ካልተጠበቁ፣ በኋላ የሚገኙት ቤት በማፍረስ ብቻ ነው። በመቶ ዓመት ውስጥ ነዋሪው የመጀመሪያውን ዓይነት በኮሚቴና በመዋጮ አምጥቷል፤ ሁለተኛውን ግን ማንም በመዋጮ ሊያመጣው አልቻለም።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የተሠሩትን የጋራ መኖሪያ ቤቶችም በዚሁ ሚዛን ልንመዝናቸው ይገባል። በገርጂ በሙከራ ተጀምሮ ወደ ጀሞ፣ ወደ የካ አባዶና ወደ ኮዬ ፈጬ የተስፋፋው ይህ ሥራ ብዙ ሺህ ቤተሰቦችን ባለቤት አድርጓል። የፕላኑ አንድ ምስጉን ነገር ለድግስ፣ ለእርድ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለሐዘን የሚያገለግል የጋራ ሕንፃ መኖሩ ነው። ይህ የነዋሪውን ኑሮ ያወቀ ሰው ሐሳብ ነው። ሆኖም የጋራ ሕንፃው በአንዳንድ ቦታ ለሌላ አገልግሎት ሲውል፣ በሕንፃዎቹ መካከል የተተወው ሜዳም በመኪና ማቆሚያና በሱቅ ሲሞላ ይታያል። የእኛ ሠፈር ሰዎች በአጥር ያደረግነውን፣ ሌላው በቆርቆሮ ኪዮስክ እየደገመው ነው።

ስለዚህ ለሙያ ባልደረቦቻችን የሚቀርበው ሐሳብ ጥቂት ነው። የአንድ ሠፈር ፕላን ሲቀርብ፣ ከቤቶቹ አስቀድሞ የማይዘገዩት ቦታዎች ይለዩ። የጎርፉ መውረጃ የመጀመሪያው ቤት ሳይጀመር በድንጋይ ይገንባ፤ የተገነባን ቦይ ወደ ግቢ ማስገባት ባዶ ሣርን እንደ መግፋት አይቀልምና። የመጫወቻው ሜዳ ለእድሩ ወይም ለነዋሪዎቹ ማኅበር በካርታ ይሰጥ፤ ጠባቂ የሌለው የጋራ ቦታ ብዙ ጊዜ አይቆይምና። በየአምስት ዓመቱም የተሠራው ከፕላኑ ጋር ይመሳከር።

እማማ ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። የልጅ ልጃቸው ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስትሆን፣ በዚያው ቤት ከእናቷ ጋር ትኖራለች። በየክረምቱ፣ ዝናቡ ሲበረታ፣ አባቴ ካፖርቱን ደርቦ ምርኩዙን ይዞ ይወጣና በመውረጃው ዳር ቆሞ ውሃውን ያያል።